የክረምት ተጓዡ ተማሪ ከማን ቤት ያድራል?

አንድ የኮሌጅ ተማሪ በትምህርት ዕረፍቱ ባሕር ተሻግሮ ስድስት ወይም ስምንት ሳምንት ቆይቶ ሲመለስ ምን ይዞ ይመለሳል? ፎቶግራፍና አዲስ ጫማ እንደማይጎድለው የታወቀ ነው። ጥያቄያችን ግን የሄደበትን ሕዝብ አውቆ ተመለሰ ወይ ነው። ወላጅ ለትኬት ገንዘብ ከማውጣቱ በፊት «ልጄ የት አገር ነው የሚሄደው?» ብሎ ይጠይቃል። ከዚህ ይበልጥ መጠየቅ ያለበት ከማን ጋር ያድራል፣ ከማንስ ጋር ይበላል የሚለው ነው እንላለን።

የግብፁ ገዥ ሙሐመድ ዓሊ እ.ኤ.አ. በ1826 ከአርባ የሚበልጡ ተማሪዎችን ወደ ፓሪስ ላከ። በኢማምነት አብሯቸው የተመደበው የአል-አዝሀሩ ሪፋዓ አል-ጠህጧዊ ገና ሃያ አምስት ዓመት ያህል የሆነው ወጣት ነበር። ማርሴይ ሲደርሱ በኳራንቲን ተይዘው ቆዩ። ሰው ሁሉ ወንበር ላይ ተቀምጦ፣ ለየራሱ ሳህን፣ ሹካና ቢላዋ ቀርቦለት ሲበላ ያየው እዚያ ነው። በአንድ ገበታ ዙሪያ በእጁ መብላት ለለመደ ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ጠህጧዊ ግን አላፌዘም፤ በራሱም አላፈረም። ያየውን አስተውሎ ጻፈው።

ፓሪስ ከገቡ በኋላ የሆነው ደግሞ ይበልጥ ልብ ሊባል ይገባዋል። ተማሪዎቹ በመጀመሪያ በአንድ ቤት ተሰብስበው ተቀመጡ። አብረው ይበላሉ፣ አብረው ያጠናሉ፤ እርስ በርሳቸውም የሚነጋገሩት በአገራቸው ቋንቋ ነው። ታዲያ ፈረንሳይኛው ከየት ይምጣ? ኃላፊዎቹ ይህን ሲያዩ በታትነው በየአዳሪ ትምህርት ቤቱና በየመምህራኑ ቤት፣ ከፈረንሳዮች መካከል አስቀመጧቸው። ቋንቋው መገራት የጀመረው ከዚያ ወዲህ ነው። ጠህጧዊ በ1831 ወደ ግብፅ ሲመለስ በቂ ተርጓሚ ሆኗል፤ ስለ ፓሪስ የጻፈው መጽሐፍ በ1834 ታተመ፤ ኋላም የካይሮን የቋንቋዎች ትምህርት ቤት መርቷል። ከፈረንሳዮች ጋር መኖሩ ከእምነቱ አላስወጣውም። የሚያስመሰግናቸውን አመሰገነ፤ በሃይማኖት ነገር ያልተስማማውንም ሳይሸፋፍን ጻፈ።

ከመቶ ዓመት በኋላ አሜሪካዊው ዶናልድ ዋት በሌላ መንገድ ወደዚሁ ሐሳብ ደረሰ። በ1932 ወጣቶችን ለበጋ ዕረፍታቸው (የነርሱ በጋ እኛ ዘንድ ክረምት ነው) ወደ አውሮፓ ይዞ ሄደ። ከሥራው ሁሉ ዘልቆ የቀረው ቁም ነገር ወጣቱ በሆቴል ሳይሆን በአገሬው ቤተሰብ ቤት እንደ ልጅ እንዲኖር ማድረጉ ነው። በ1930ዎቹ በዚህ መንገድ ከተጓዙት አንዱ የነበረው ሰርጀንት ሽራይቨር በ1961 የአሜሪካ የሰላም ጓድ የመጀመሪያው ዳይሬክተር ሆነ። የጓዱ አስተማሪዎች በ1962 ወደ ኢትዮጵያ መጥተዋል፤ ከነርሱ የተማሩ አባቶችና እናቶች ዛሬም በመካከላችን አሉ።

ስለ ችኩል ፍርድም አንድ ነገር እንጨምር። ኢብን በጡጣ በ1352 ማሊ ሲገባ አገር ለአገር መዞር ከጀመረ ከሩብ ምዕተ ዓመት በላይ ሆኖታል። ከንጉሡ ስጦታ መጣልህ ቢሉት ካባና ገንዘብ ጠበቀ፤ የቀረበለት ሦስት ዳቦ፣ የተጠበሰ ሥጋና አንድ ቅል እርጎ ነው። ሳቀባቸው። በዚያው ሳምንት ከአገሩ ወጥቶ ቢሆን ኖሮ ስለ ማሊ የሚነግረን ስስቷን ብቻ ነበር። ስምንት ወር ያህል ስለቆየ ግን ሕዝቡ ግፍን እንደሚጠላ፣ መንገዱ ሰላም እንደሆነ፣ በጁሙዓ መስጊዱ ስለሚሞላ መስገጃ አስቀድሞ እንደሚላክ፣ ቁርኣን እስኪሐፍዙ ድረስ ልጆች በእግር ብረት እንደሚያዙ መዘገበ። ያልወደደውንም መጻፍ አልተወም።

ወደ ራሳችን እንመለስ። ኢስታንቡል ወይም ኩዋላ ላምፑር ሄዶ ከአዲስ አበባ ልጆች ጋር ብቻ ቤት የተከራየ ተማሪ ሽሮውን ሠርቶ መብላቱ ጥፋት የለበትም። ጥፋቱ የጎረቤቱን ስም ሳያውቅ መመለሱ፣ ከዚያም «ቱርክ እንዲህ ነው፣ ማሌዥያ እንዲያ ነው» እያለ ማውራቱ ነው። ከዋሽንግተን ወይም ከጅዳ ለክረምት የሚመጡትን የዘመድ ልጆችስ እንዴት ነው የምንቀበላቸው? በየካፌው እያዞርን፣ በተሰባበረ እንግሊዝኛ እያጫወትን እንሸኛቸዋለን። አክስታቸው ቤት ይደሩ እንጂ! ሱቅ ይላኩ፣ ቡና ሲፈላ ይቀመጡ፣ አማርኛቸው ቢሳቅበትም ይናገሩት።

ወላጅ የሚፈራውን እናውቃለን። ልጅ በማያውቀው ሰው ቤት ሶላቱን ይተዋል፣ ሐራም ይቀርብለታል ብሎ ይሰጋል። ስጋቱ ተገቢ ነው፤ ለሴት ልጅ ሲሆን ደግሞ ይበልጣል። መፍትሔው ግን ልጅን ከአገሩ ልጆች ጋር መዝጋት አይደለም። ሙስሊም ቤተሰብ ከተገኘ እሰየው። ካልተገኘም አሳማና አልኮል እንደማይቀምስ፣ በቀን አምስት ጊዜ እንደሚሰግድ፣ ልጅቱ ከሆነችም እናትና ሴት ልጆች ባሉበት ቤት ማደር እንደምትፈልግ ለአስተናጋጁ ቤተሰብ በግልጽ ይጻፍ። አስቀድሞ የተነገረው ሰው አይቀየምም፤ የሚቀየመው ያበሰለው ምግብ ከገበታ ሲመለስበት ነው። ደብዳቤው ከትኬቱ በፊት ይላክ፤ መልሱም ከመጣ በኋላ ትኬቱ ይቆረጥ።