የየቲሙ እግርና የጅዳው ገንዘብ

ዱከም የምትኖረው አክስቴ፣ እግሩ ወደ ውስጥ ተጣሞ የተወለደ ሕፃን የቲም ታሳድጋለች። ጅዳ ያሉ ዘመዶቻችን «ውጭ ሄዶ ይታከም» ብለው ገንዘብ ማሰባሰብ ጀመሩ። አላህ ኒያቸውን ይቀበል! ግን አውሮፕላኑ ለምን? እ.ኤ.አ. በ2008 አዲስ አበባ የተከፈተው የኪዩር የሕፃናት ሆስፒታል ይህንኑ ያክማል።

ፖንሴቲ በሚባለው ዘዴ እግሩ በየሳምንቱ ጥቂት ጥቂት እየተቃና ጄሶ ይደረግለታል። ብዙውን ጊዜም የተረከዙ ጅማት በትንሹ ይቆረጣል። ፈተናው ከዚያ ወዲያ ነው። በዘንግ የተያያዘውን ጫማ ለሦስት ወር በቀን 23 ሰዓት፣ ከዚያም እስከ አራት ዓመቱ ድረስ ሌሊት ሌሊት ማድረግ አለበት፤ ከተዘነጋ እግሩ ተመልሶ ይጣመማል።

እንግዲህ ወገኖቼ፣ የጅዳው ገንዘብ ለሚኒባስ ይሁን። የጠፋው ልጁን ይዞ የሚመላለስ ሰው ነው። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሳምንታት እኔ ወስጃለሁ፤ ሦስተኛው የማን ነው?