የብዙዎች ገንዘብ የሆነ የኳስ ማኅበር

በካናዳ ምዕራባዊ ክፍል ሳስካችዋን የሚባል ሰፊ ጠቅላይ ግዛት ይገኛል። ስፋቱ 650000 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን የሕዝቡ ቍጥር ግን ከ1 ሚሊዮን የሚበልጠው በጥቂቱ ነው። አገሩ ሜዳማ፣ የብርዱ ወራት እጅግ የጸና፣ ሕዝቡም በስንዴ እርሻ የታወቀ ነው። በዋና ከተማው በሬጃይና አንድ ስመ ጥር የኳስ ማኅበር አለ። ታሪኩን ከዚህ ቀጥሎ እንመለከታለን፤ ዓመቶቹ የተቈጠሩት በአውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።

የካናዳ ፉትቦል እኛ ከለመድነው የእግር ኳስ ይለያል። ኳሱ እንደ እንቍላል ሞላላ ነው፤ ተጫዋቾቹም በእጃቸው ይዘውት ይሮጣሉ፣ ይወራወሩታልም። በየወገኑ 12 ሰዎች ይሰለፋሉ። ኳሱን የያዘው ወገን በ3 ሙከራ 9 ሜትር ያህል ወደፊት ካልገፋ ኳሱ ለባላጋራው ይሆናል።

ማኅበሩ የተቋቋመው በ1910 ነው። በ1924 ራፍራይደርስ ተባለ፤ ይኸውም ያልተገራ ፈረስ የሚጋልቡ ማለት ነው። የካናዳ እንደራሴ የነበሩት ጌታ ግሬይ በ1909 ለአሸናፊ የሚሆን ዋንጫ ሰጥተው ነበር። ራፍራይደርስ ከ1923 እስከ 1934 ሰባት ጊዜ ለዚህ ዋንጫ ተጋጥሞ ሰባቱንም ጊዜ ተሸነፈ። ሆኖም ተስፋ አልቈረጠም። በ1966 ኦታዋን 29 ለ14 ድል አድርጎ ዋንጫውን ወሰደ። ከተቋቋመ 56 ዓመት ሆኖት ነበር።

ሀብቱ ለረጅም ጊዜ ጥቂት ነበር። በ1948 ከመሪዎቹ አንዱ በቺካጎ ከተማ ዋጋው የረከሰ አረንጓዴና ነጭ ልብስ አግኝቶ ገዛ፤ ቀይና ጥቍር የነበረው የማኅበሩ ልብስም ተለወጠ። ዛሬ አረንጓዴ ቀለም የግዛቱ ሁሉ መኩሪያ ነው።

የሚጫወትበትም ሜዳ በ1947 ቴይለር ሜዳ ተባለ። ቴይለር በ1ኛው የዓለም ጦርነት በአውሮፕላን የተዋጋ፣ አንድ ዓይኑንም ያጣ፣ በኋላም ተጫዋችና የማኅበሩ መሪ የነበረ ሰው ነው።

በ1987 ማኅበሩ ዕዳ በዝቶበት ሊፈርስ ተቃረበ። ያን ጊዜ በቴሌቪዥን ርዳታ ቢለመን ሕዝቡ ገንዘብ አዋጥቶ አዳነው። ከ2 ዓመት በኋላ፣ በ1989፣ ሃሚልተንን 43 ለ40 አሸንፎ ዋንጫውን ዳግመኛ አገኘ።

ይህ ማኅበር የአንድ ባለጸጋ ገንዘብ አይደለም። አክሲዮን የገዙት ሰዎች መሪዎቹን በድምፅ ይመርጣሉ እንጂ ትርፍ አይካፈሉም። ስለዚህ በሩቅ መንደር ያለ ገበሬ እንኳ የእኔ ነው ይለዋል፤ ጨዋታ ለማየትም ብዙ ሰዓት በመኪና ይጓዛል።

ቴይለር ሜዳ ስላረጀ በ2016 የመጨረሻው ጨዋታ ተደረገበት፤ ኋላም ፈረሰ። በ2017 ሞዛይክ የተባለ፣ 33000 ያህል ተመልካች የሚይዝ አዲስ ስታዲዮም ተከፈተ። ሜዳው ቢለወጥም ማኅበሩ አልተለወጠም፤ ያጸናው ግንቡ ሳይሆን የሕዝቡ ኅብረት ነውና። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» የተባለው ይህን ያስረዳል።

ጥያቄ
1. ማኅበሩ በ1987 ከመፍረስ የዳነው እንዴት ነው?
2. አክሲዮን የገዙት ሰዎች ትርፍ ካልተካፈሉ ምን ይጠቀማሉ?
3. በመንደራችሁ የሁሉ ገንዘብ የሆነ ነገር ምንድን ነው? የሚጠብቀውስ ማን ነው?