የሲሚንቶ ወለልን ስለ ማቅለምና ስለ መድፈን
ለጋራዥ፣ ለመጋዘንና ለሱቅ ባለቤቶች፣ እንዲሁም የቀለም ዕቃ ለሚያስመጡ ነጋዴዎች የሚጠቅም ትምህርት

ነጋዴ ስለ ሱቁ መስኮትና ስለ በሩ ቀለም ብዙ ያስባል፤ ስለ ወለሉ ግን የሚያስበው አልፎ አልፎ ነው። ዳሩ ግን የዕቃውን ክብደት ሁሉ የሚሸከመው፣ የመኪናውን ዘይት የሚጠጣው፣ የመሬቱንም እርጥበት ወደ ላይ የሚያሳልፈው ወለሉ ነው። ካልተደፈነ የሲሚንቶ ወለል የሚነሣው ትቢያ በጨርቅ ጣቃ ላይ ያርፋል፣ በመለዋወጫ ዕቃ መካከልም ይገባል። ከታች የሚመጣው እርጥበት ደግሞ ካርቶን ያረጥባል፣ ጆንያ ያሻግታል። በሌላ በኩል፣ ብዙ ገንዘብ ወጥቶበት የተቀባ ወለል በጥቂት ወራት ውስጥ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ሲላጥ መታየቱ የተለመደ ነው። የዚህ ጉዳት ምክንያት አብዛኛውን ጊዜ የቀለሙ መጥፎነት ሳይሆን ከቀለሙ በፊት መደረግ የነበረበት ሥራ አለመደረጉ ነው። ስለዚህ ወለል እንዴት እንደሚመረመር፣ እንደሚጸዳ፣ እንደሚቀለምና እንደሚደፈን፣ እንዲሁም የዕቃው ሻጭና ገዢ ምን መጠየቅ እንደሚገባቸው ከዚህ በታች በተራ ተገልጿል።

1. የወለሉ ጠባይ

የሲሚንቶ ወለል የሚሠራው ከሲሚንቶ፣ ከአሸዋ፣ ከጠጠርና ከውኃ ነው። ፖርትላንድ የተባለው ሲሚንቶ በእንግሊዝ አገር ለጆሴፍ አስፕዲን የፈጠራ መብት የተሰጠበት እ.ኤ.አ. በ1824 ነው። ሲሚንቶና ውኃ ሲቀላቀሉ ድንጋይ የሚያደርጋቸው ተራ መድረቅ ሳይሆን ኬሚካዊ ውሕደት ነው፤ ከዚህም ውሕደት ነጻ ኖራ ተርፎ በወለሉ ውስጥ ይቀራል። ይህ ኖራ ኋላ በማቅለሙም ሆነ በመድፈኑ ሥራ ጊዜ ትልቅ አገልግሎት ስላለው ሊታወስ ይገባል።

ለውሕደቱ ከሚያስፈልገው በላይ የሆነው ውኃ ደግሞ ተንኖ ሲሄድ በስተኋላው በዓይን የማይታዩ ረቂቅ ቀዳዳዎች ይተዋል። ግንበኛው ሥራው እንዲቀልለት ውኃውን ባበዛ ቁጥር ቀዳዳው ይበዛል፤ ከላይም ደካማ የሆነ ስስ ቆዳ ይፈጠራል። በመጥረጊያ በተጠረገ ቁጥር የማያልቅ ትቢያ የሚወጣው ከዚህ ቆዳ ነው። አዲስ የፈሰሰ ወለል ውሕደቱ በሚገባ እንዲፈጸም ብዙውን ጊዜ 28 ቀን ያህል እንዲቆይ ይደረጋል፤ ከዚያ በፊት ማቅለምም ሆነ መድፈን አይገባም።

በአገራችን ሊሾ የሚባለው ተወልውሎ የለሰለሰ ወለል ከዚህ የተለየ ችግር አለው። ፊቱ እጅግ ስለ ተዘጋ ቀለሙ ወደ ውስጥ ለመግባት መንገድ አያገኝም። ስለዚህ ሊሾ ከመቀለሙ በፊት ፊቱ በመጠኑ ሊሻክር ይገባል።

2. ከግዢ በፊት የሚደረግ ምርመራ

ምንም ዕቃ ሳይገዛ ሦስት ቀላል ምርመራዎችን ማድረግ ይቻላል፤ ሦስቱም ወጪ የላቸውም ለማለት ይቻላል።

የመጀመሪያው የውኃ ጠብታ ነው። በወለሉ ልዩ ልዩ ስፍራ ጥቂት ውኃ ይንጠባጠባል። ውኃው ወዲያው ሰርጎ ወለሉን ካጠቆረው ቀዳዳው ክፍት ነው። እንደ ዶቃ ሆኖ ከላይ ከቆመ ግን ወለሉ ቀድሞ ተደፍኗል፣ ወይም ዘይት ጠጥቷል፣ ወይም ሊሾ ነው። እንዲህ ባለ ወለል ላይ የሚፈስ ማቅለሚያ ብላሽ ነው።

ሁለተኛው የእርጥበት ምርመራ ነው። ጐንና ጐኑ 45 ሳንቲ ሜትር የሆነ ብርሃን አሳላፊ ላስቲክ በወለሉ ላይ ይነጠፍና አራቱም ጠርዞቹ አየር በማያስገባ ፕላስተር ይለጠፋሉ። ቢያንስ 16 ሰዓት ከቆየ በኋላ ሲነሣ በላስቲኩ ውስጠኛ ገጽ ላይ ጤዛ ከታየ፣ ወይም ወለሉ ከጠቆረ፣ ከመሬት ውስጥ እርጥበት እየመጣ ነው ማለት ነው። ይህንን ምርመራ በበጋ ብቻ አድርጎ መተማመን አይበቃም፤ በበጋ ደረቅ የነበረ ወለል በክረምት ሊያልበው ይችላልና። በግድግዳው ሥርና በስንጥቁ አጠገብ የሚታይ ነጭ የጨው ዱቄትም ውኃ በዚያ በኩል እንደሚመላለስ ምስክር ነው።

ሦስተኛው የጥንካሬ ምርመራ ነው። ወለሉ በቁልፍ ጫፍ ሲፋቅ በቀላሉ የሚፈረፈር ከሆነ፣ በላዩ የሚደረግ ማናቸውም ቀለም ከፈረፈሩ ጋር አብሮ ይነሣል።

3. ስለ ማጽዳት

ከመጠምጠም መማር ይቅደም እንደሚባለው ሁሉ፣ በወለል ሥራም ከመቀባት ማጽዳት ይቀድማል። በጋራዥ ወለል ላይ የፈሰሰ ዘይት በመጀመሪያ ሰጋቱራ ተነስንሶበት ይመጠጣል፤ ከዚያም ዘይት በሚያስለቅቅ ሳሙናና በሙቅ ውኃ በጠንካራ ቡሩሽ እየታሸ በተደጋጋሚ ይታጠባል። ብዙዎች ሥራውን ለማፋጠን አሲድ ያፈሱበታል። ይሁን እንጂ አሲድ ኖራን እንጂ ዘይትን አይበላም፤ ዘይቱም አሲዱ ወደ ሲሚንቶው እንዳይደርስ ይከለክላል።

ዘይቱ ከጸዳ በኋላ ፊቱን ለማሻከር ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው በመፍጫ መኪና መፋቅ ነው። ከዚህ የሚነሣው የሲሊካ ትቢያ ሳንባን የሚጎዳ ስለሆነ ሥራው በውኃ እየተረጠበ ወይም ትቢያ በሚስብ መሣሪያ ሊሠራ፣ ሠራተኛውም ተገቢውን የአፍንጫ መሸፈኛ ሊያደርግ ይገባል። ሁለተኛው በውኃ በቀጠነ አሲድ ማጠብ ነው። በዚህ ጊዜ ምንጊዜም አሲዱ በውኃው ላይ ይጨመራል እንጂ ውኃ በአሲዱ ላይ አይጨመርም፤ አለዚያ ፈልቶ ሊረጭ ይችላል። የጎማ ጓንት፣ የጎማ ጫማና የዓይን መከላከያ መነጽር የግድ ያስፈልጋሉ፤ በርና መስኮትም ይከፈታል። ከሁሉ ይልቅ አሲድ ከበረኪና ጋር ፈጽሞ እንዳይገናኝ መጠንቀቅ ነው፤ ከሁለቱ የሚወጣው የክሎሪን ጋዝ ሰው ይገድላልና። በመጨረሻም የቀረው አሲድ በውኃ በተበጠበጠ ቤኪንግ ሶዳ ይሰበራል፤ ወለሉም በብዙ ውኃ ታጥቦ እንዲደርቅ ይተዋል።

4. ስለ ማቅለም

ማቅለምና መቀባት አንድ አይደሉም። የተቀባ ነገር ቀለሙ ከላይ ይቀመጣል፤ የተቀለመ ነገር ግን እንደ ተነከረ ጥጥ ቀለሙን በውስጡ ይይዛል። የተቀባ ሲላጥ የተቀለመ አይላጥም።

ለወለል የሚያገለግሉ ማቅለሚያዎች በሦስት ይከፈላሉ። የመጀመሪያው የአሲድ ማቅለሚያ ነው። ይህም በአሲድ የሟሟ የብረታ ብረት ጨው ሲሆን፣ ከላይ ከተነገረው ነጻ ኖራ ጋር ተዋሕዶ ቀለሙን የወለሉ አካል ያደርገዋል። የብረት ጨው ቡናማ፣ የመዳብ ጨው ወደ አረንጓዴና ሰማያዊ የሚያደላ መልክ ይሰጣል። መልኩ እንደ እብነ በረድ ዝንጉርጉር እንጂ አንድ ዓይነት አይሆንም፤ ደንበኛውም ይህን አስቀድሞ ማወቅ አለበት። ሥራው ሲያልቅ አሲዱ በሶዳ ተሰብሮ ዝቃጩ በደንብ ካልታጠበ መድፈኛው አይያዝም።

ሁለተኛው በውኃ የሚበጠበጥ ማቅለሚያ ነው። ሽታው አነስተኛ፣ የመልኩ ምርጫ ሰፊ ነው። ሦስተኛው ብዙ ጊዜ በአሴቶን የሚበጠበጠው እጅግ ረቂቅ ቀለም ነው። ይህ ቶሎ ይደርቃል፤ ነገር ግን ብዙዎቹ ዓይነቶች በፀሐይ ስለሚደበዝዙ በሩ ተከፍቶ ለሚውል ጋራዥ አይመከሩም። ከሦስቱ የትኛውም ቢመረጥ በማይታይ ጥግ ላይ በትንሹ ሞክሮ መልኩን ማየት ብልኅነት ነው።

5. ስለ መድፈን

ማቅለሚያ ብቻውን ወለልን ከዘይትና ከመፋቅ አይጠብቅም። መድፈኛዎችም በሁለት ወገን ይመደባሉ፤ ወደ ውስጥ የሚሰርጉና ከላይ ስስ ሽፋን የሚሠሩ።

ከሚሰርጉት መካከል ሲሊኬት የተባለው ከነጻው ኖራ ጋር ተዋሕዶ እንደ ድንጋይ ይጠነክራል፤ ትቢያውን ያስቀራል፣ አይላጥምም። ለሰፊ መጋዘን የተሻለው ይህ ነው። የአሲድ ማቅለሚያና ሲሊኬት ሁለቱም አንዱን ኖራ ስለሚሹ፣ ማቅለሙ ከሲሊኬቱ መቅደም አለበት።

ከላይ ሽፋን ከሚሠሩት አክሪሊክ ርካሽና ለአቀባብ ቀላል ነው፤ ቤንዚንና የጋለ ጎማ ግን ስለሚያሸንፉት በየጊዜው መታደስ ያስፈልገዋል። ኤፖክሲ ሁለት ክፍል ያለው ሲሆን፣ ሲቀላቀል እየጋለ ይጠነክራል፤ ዘይትና ብዙ ኬሚካል ይችላል። ጉድለቱ በፀሐይ ብርሃን ቢጫ መሆኑ ነው። ስለዚህ ፀሐይ በሚያገኘው ስፍራ በላዩ ብርሃን የሚችል የፖሊዩሬቴን ሽፋን ይደረግለታል።

ኤፖክሲ የሚቀባ ሰው የአየሩን ጠባይ ማወቅ አለበት። እንደ ድሬዳዋ ባለ ሞቃት ስፍራ የተቀላቀለው ኤፖክሲ በባልዲው ውስጥ እንዳለ ሊጠነክር ስለሚችል በጥቂት በጥቂቱ ይቀላቀላል። እንደ አዲስ አበባ ባለ ደጋ ደግሞ የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊት ብርድ መጠንከሩን ያዘገየዋል። የወለሉ ሙቀት ጤዛ ከሚወርድበት የሙቀት መጠን ቢያንስ በ3 ዲግሪ መብለጥ ይኖርበታል። በሁለተኛው ምርመራ እርጥበት በታየበት ወለል ላይ ግን ተራ ኤፖክሲ መቀባት ገንዘብን መጣል ነው። እንዲህ ያለው ወለል በመጀመሪያ የውኃው መንገድ ሊፈለግለት ይገባል፤ አለዚያም ትነትን በሚያሳልፈው በሲሊኬት መርካት ይሻላል።

ለስላሳ ሽፋን ሲረጥብ ያንሸራትታል። ስለዚህ ሰው በሚመላለስበት ስፍራ በመጨረሻው ሽፋን ውስጥ ደቃቅ የሲሊካ አሸዋ ወይም አሉሚኒየም ኦክሳይድ ይነሰነሳል።

6. የግዢ ሒሳብ

ገዢ ብዙ ጊዜ የሚታለለው በሊትር ዋጋ ነው። በቆርቆሮው ውስጥ ካለው ፈሳሽ ከፊሉ ይተንናል፤ በወለሉ ላይ የሚቀረው ጥጥሩ ክፍል ብቻ ነው። አንድ ሊትር በ10 ካሬ ሜትር ላይ ሲዘረጋ እርጥብ ውፍረቱ 100 ማይክሮን ነው። የጥጥሩ መጠን ከመቶ 40 እጅ ከሆነ ሲደርቅ የሚቀረው 40 ማይክሮን ይሆናል።

ለምሳሌ ርዝመቱ 6፣ ስፋቱ 5 ሜትር የሆነ ጋራዥ 30 ካሬ ሜትር ነው። በዚህ ላይ ደረቅ ውፍረቱ 200 ማይክሮን የሆነ ሽፋን ቢፈለግ፣ ጥጥሩ ከመቶ 100 ከሆነው ዕቃ 6 ሊትር ይበቃል፤ ከመቶ 40 ከሆነው ግን 15 ሊትር ያስፈልጋል። የመጀመሪያው በሊትር 2000 ብር፣ ሁለተኛው 1000 ብር ነው ብንል፣ ውድ የመሰለው በ12000 ብር ሲያልቅ ርካሽ የመሰለው 15000 ብር ይፈጃል፤ የተጨማሪው ሽፋን የጉልበት ዋጋም ገና አልታሰበም። በሥራ ላይ ለሚባክነው ከጠቅላላው አንድ አሥረኛ መጨመር ተገቢ ነው። የጥጥሩ መጠን ሲጠየቅም በይዘት እንጂ በክብደት የተሰላውን መያዝ አይገባም፤ ለዚህ ሒሳብ የሚያገለግለው በይዘት የተሰላው ነው።

7. ለአስመጪውና ለባለሱቁ

አስመጪው ከማዘዙ በፊት ከፋብሪካው ሁለት ሰነድ መጠየቅ ይገባዋል። አንደኛው የጥጥሩን መጠን፣ የመድረቂያውን ጊዜና የአቀባቡን ሥርዓት የሚገልጽ ቴክኒካዊ ጽሑፍ ነው፤ ሁለተኛው 16 ክፍል ያለው የደኅንነት መረጃ ነው። የሃይድሮክሎሪክ አሲድ በተባበሩት መንግሥታት የአደገኛ ዕቃዎች ምደባ በ8ኛው ክፍል ከሚያቃጥሉ ነገሮች ጋር፣ አሴቶን ደግሞ በ3ኛው ክፍል ከተቀጣጣይ ፈሳሾች ጋር ስለሚቈጠሩ፣ አስተሻሸጋቸውም አጫጫናቸውም እንደ ተራ ቀለም አይደለም። ዕቃው በመርከብና በመንገድ የሚፈጀው ጊዜ ከመጠቀሚያው ዘመን ላይ እንደሚቀነስም ማስላት ያስፈልጋል። የኤፖክሲ ሁለት ክፍሎች በቁጥር ተካክለው መምጣታቸው በርክክብ ጊዜ ይረጋገጥ፤ አንዱ ከጎደለ ሌላው ዋጋ የለውም።

ባለሱቁ በበኩሉ አሲድን በለስላሳ መጠጥ ጠርሙስ እየቀዳ ከመሸጥ ይታቀብ፤ ሕፃን ሊጠጣው ይችላልና።

8. ስለ ቡና መጋዘን

ቡና እርጥበትንም ሽታንም ይስባል። ጥሬ ቡና የእርጥበት መጠኑ ከመቶ 12 እጅ ገደማ ሆኖ ከተከማቸ በኋላ ከወለሉ ተጨማሪ ውኃ ቢጠጣ ይሻግታል፤ የሚተን ማሟሟቻ ያለበት መድፈኛ በተቀባበት ቤት ቢገባ ደግሞ የመድፈኛው ሽታ እስከ ቀማሹ ጠረጴዛ ድረስ ሊከተለው ይችላል። ስለዚህ የመጋዘን ወለል የሚሠራው ቤቱ ባዶ ሳለ፣ የአዲሱ ምርት መግቢያ ከመድረሱ በፊት ነው። ሽታው ፈጽሞ እስኪጠፋ ድረስ ቤቱ ተከፍቶ ይናፈሳል። ወለሉ ቢደፈንም ጆንያው ከእንጨት ርብራብ ላይ አይወርድም፤ መድፈኛ ረዳት ነው እንጂ የርብራብ ምትክ አይደለም።

እንግዲህ ወለሉን ሊያሠራ የሚያስብ ነጋዴ ወደ ቀለም ሱቅ ከመሄዱ በፊት አንድ ቁራጭ ላስቲክና አንድ ጥቅል ፕላስተር ይዞ ዛሬ ማታ ወደ መጋዘኑ ይግባ። ነገ ከላስቲኩ ሥር የሚያየው ምን መግዛት እንዳለበት፣ ይልቁንም ምን መግዛት እንደሌለበት ይነግረዋል።