እምቢ ያለ ዳዶ፦ ከጉልበት በፊት ምክንያቱን መመርመር



በ2015 ዓ.ም. በሸገር ከተማ አስተዳደር ሥር የተጠቃለሉት ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ የአዲስ አበባ የመኪና በሮች ናቸው። ሰበታ በጅማ፣ ቡራዩ በአምቦና በነቀምት፣ ሱሉልታ ደግሞ በጎጃም መንገድ ላይ ይገኛሉ። ድንጋይ፣ አሸዋ፣ ሲሚንቶና እህል የጫኑ ከባድ መኪኖች ስለሚመላለሱባቸው ጋራዦችና ጎሚስታዎች በየመንገዱ ዳር ይታያሉ። በእነዚህ ቦታዎች ሙያ ከሚቀስሙት ወጣቶች መካከል አባታቸውን በሞት ያጡ የቲሞች አይታጡም። ስለሆነም በዛሬው ትምህርታችን ከጋራዥ ሥራ አንዱን ብቻ መርጠን እንመለከታለን፤ ይኸውም የከባድ መኪና አክስል ሲጠገን ከመጠን በላይ ጠብቆ አልፈታ ያለ ዳዶ እንዴት እንደሚፈታ ነው። ጉዳዩ ለእናቶችና ለአሳዳጊዎች እንግዳ ቢመስልም፣ የልጆቻቸው ጣትና ዓይን እንዲሁም የመንገደኛው ሕይወት የተያያዘበት ነው።

ዳዶ የሚይዘው እንዴት ነው?

ዳዶ የምንለው በብሎን ላይ እየዞረ የሚጠብቀውን ባለ ጥርስ ብረት ነው። ስሙ እንደ ኩሽኔታ፣ ቸርኬና ክሪክ ሁሉ ከጣልያንኛ የመጣ ነው። ዳዶ ሲጠብቅ ብሎኑን በጥቂቱ ይለጥጠዋል። የተለጠጠው ብሎን ወደ ቀድሞ ርዝመቱ ለመመለስ ሲታገል ሁለቱን ዕቃዎች ጨምቆ ይይዛል። በማጥበቅ ጊዜ ከምናወጣው ጉልበት ከአሥር እጅ ዘጠኙ ያህል በጥርሶቹና በዳዶው ፊት ላይ በሚፈጠረው ሰበቃ ያልቃል፤ ብሎኑን ለመለጠጥ የሚተርፈው አንድ እጅ ያህል ነው።

ነገር ግን ብረትም የመለጠጥ ወሰን አለው። ወሰኑን ያለፈ ብሎን እንደ ላላ ላስቲክ ወደ ቦታው አይመለስም። ሲያዩት የጠበቀ ይመስላል እንጂ የመያዝ ኃይሉ ደክሟል፤ ጭነት ሲበዛበትም ሊበጠስ ይችላል። ስለዚህ «አብዝቶ የጠበቀ ዳዶ አብዝቶ ያስተማምናል» የሚለው አነጋገር ትክክል አይደለም።

በቀላል ስሌት እንየው። 22 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው የከባድ መኪና የጎማ ብሎን፣ እንደ አምራቹ መመሪያ ቢለያይም፣ አብዛኛውን ጊዜ 600 ኒውተን ሜትር ገደማ የሆነ ጥብቀት ይፈልጋል። 60 ኪሎ ግራም የሚመዝን ሰው በ1 ሜትር እጀታ ጫፍ ላይ ሙሉ ክብደቱን ቢያሳርፍ ወደ 590 ኒውተን ሜትር ያገኛል። ይኸው ሰው በመፍቻው ላይ ቱቦ ሰክቶ እጀታውን 2 ሜትር ቢያደርሰው ግን ኃይሉ ወደ 1,180 ያድጋል። ልኩ በእጥፍ ገደማ ታለፈ ማለት ነው። ዛሬ አልፈታ ያለን ዳዶ ብዙ ጊዜ ትናንት በረጅም ቱቦ የጠበቀው ዳዶ ነው።

ዳዶ እምቢ የሚልባቸው ምክንያቶች

አንደኛው ምክንያት ከላይ የገለጽነው ከልክ ያለፈ ጥብቀት ነው። ሁለተኛው ዝገት ነው፤ በክረምት ጭቃና ውኃ በጥርሶቹ መካከል ገብተው ብረቱን ከብረቱ ያጣብቁታል። ሦስተኛው ያልተነሣ መቆለፊያ ነው። በብዙ ከባድ መኪኖች የኋላ አክስል ላይ ኃይልን ወደ ጎማው የሚያደርሰው ዘንግ ተስቦ ሲወጣ፣ ከበስተኋላው ኩሽኔታውን የሚይዘው ትልቁ ዳዶ ይገኛል። ይህ ዳዶ እንዳይላላ ጆሮው በታጠፈ ስስ ቀለበት፣ በትንሽ ብሎን ወይም በሌላ ዳዶ ይቆለፋል። ጆሮው ሳይቃና ወይም ትንሹ ብሎን ሳይወጣ የሚደረግ ትግል ሁሉ ጥርሱን ማበላሸት ነው።

አራተኛው አቅጣጫን መሳት ነው። በቀድሞው የጃፓን ሥርዓት በተሠሩ አይሱዙን በመሳሰሉ የጭነት መኪኖች በግራ በኩል ያሉት የጎማ ብሎኖች የግራ ጥርስ ያላቸው ናቸው፤ የሚፈቱትም ወደ ቀኝ በማዞር ነው። ብዙውን ጊዜ በብሎኑ ወይም በዳዶው ጫፍ ላይ ለግራ «ኤል»፣ ለቀኝ «አር» የተባሉት የላቲን ፊደላት ተቀርጸው ይገኛሉ። አሥር ብሎን ባላቸው እንደ ሲኖትራክ ባሉ መኪኖች ግን አብዛኛውን ጊዜ በሁለቱም ጎን የቀኝ ጥርስ ነው። አቅጣጫውን ያላረጋገጠ ሠራተኛ እፈታለሁ ብሎ ያጠብቃል፤ በጨመረው ጉልበት ልክም ችግሩን ያከብደዋል።

የአፈታቱ ቅደም ተከተል

1. መኪናው በደልዳላ ቦታ ይቁም፤ ሌሎቹ ጎማዎች ከፊትና ከኋላ ይታገዱ። የጎማ ዳዶ መጀመሪያ የሚላላው ጎማው መሬት ላይ እንዳለ ነው። መኪናው ከተነሣ በኋላም በክሪክ ብቻ አይታመንም፤ ጠንካራ የብረት ድጋፍ ከሥሩ ይደረግለታል።

2. ቸርኬው ባለ ቀለበት ከሆነ ዳዶዎቹ ከመፈታታቸው በፊት የጎማው ነፋስ በሙሉ ይውጣ። ጥንድ ጎማ ከሆነም የሁለቱም ይውጣ። በነፋስ ግፊት የተፈናጠረ ቀለበት ሰው ይገድላል።

3. የሚታየው ጥርስ በሽቦ ብሩሽ ይጽዳ። ዝገት የሚያላቅቅ ዘይት ተደርጎ ለሰዓታት፣ ቢቻል ሌሊቱን ይቆይ። ዘይቱ የፍሬን ሸራን እንዳይነካ ብርቱ ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ ዘይት የጠጣ ሸራ መኪና አያቆምምና።

4. መፍቻው የዳዶውን ማዕዘን ሁሉ አቅፎ የሚይዝ፣ በልኩ የተሠራ ይሁን። ትልቁን የአክስል ዳዶ በመሮና በመዶሻ እየመቱ ማዞር በየጋራዡ የሚታይ ልማድ ነው፤ ዳዶውን ያበላሻል፣ የብረት ፍንጣሪም ወደ ዓይን ይሰዳል። በግድ መምታት ካስፈለገ ያለ ዓይን መከላከያ መነጽር አይጀመር።

5. በመጀመሪያ ወደ ማጥበቂያው አቅጣጫ ትንሽ ነቅነቅ ማድረግ፣ ከዚያም ወደ መፍቻው መመለስ ጠቃሚ ነው። የዝገቱ መያዣ የሚሰበረው በመጀመሪያው ትንሽ ንቅናቄ ነው። የዳዶውን ጎን በመዶሻ በመጠኑ መምታትም ዝገቱን ያነቃንቃል።

6. እንደዚህም ሆኖ እምቢ ካለ፣ በውስጡ ባሉ ጥርሶች አማካይነት ጉልበትን የሚያባዛውን መፍቻ መጠቀም ይሻላል። በቱቦ ላይ ቆሞ መዝለል ግን ፈጽሞ አይገባም። መፍቻው ድንገት ሲያመልጥ ሰውየው ይወድቃል፤ ቱቦውም ተስፈንጥሮ አጠገቡ የቆመውን ይመታል።

7. ይህ ሁሉ ካልረዳ ዳዶውን ሰንጥቆ ማውጣትና በአዲስ መተካት ነው። የአንድ ዳዶ ዋጋ ከአክስል ጫፍ ጥርስ መበላሸት ጋር የሚነጻጸር አይደለም።

ስለ እሳት አጠቃቀም

አንዳንዶች ፈጥነው ወደ ጋዝ ነበልባል ይሄዳሉ። ብረት ሲሞቅ መስፋቱ እውነት ነው፤ ነገር ግን 22 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው የዳዶ ቀዳዳ ሙቀቱ በ200 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲጨምር የሚሰፋው 0.05 ሚሊ ሜትር ያህል፣ ማለትም የአንድ ወረቀት ውፍረት ግማሽ ገደማ ነው። ይህ መጠን ዝገትን ለማላቀቅ ሊረዳ ይችላል፤ ጉዳቱ ግን ብዙ ነው። ጎማ በተገጠመበት ቸርኬ ወይም ብሎን ላይ እሳት መለኮስ የጎማውን ውስጥ አግሎ እንደ ፈንጂ ሊያፈነዳው ይችላል፤ ነፋሱ ቢወጣም አደጋው ሙሉ በሙሉ አይወገድም። በአክስሉ ጫፍም ግራሶው ይቃጠላል፣ ኩሽኔታው ይበላሻል፣ የብሎኑ ብረትም ጥንካሬውን ያጣል። ስለዚህ እሳት የጀማሪ መሣሪያ አይደለም፤ ጎማ ባለበት ደግሞ የማንም መሣሪያ አይደለም።

መልሶ ሲገጠም

የመፍታት ችግር የሚወገደው በመግጠም ጊዜ ነው። የኩሽኔታው ዳዶ ሃብ የሚባለው ተሽከርካሪ ክፍል በእጅ እየዞረ ይጠብቃል፤ ከዚያም አምራቹ ባዘዘው መጠን በጥቂቱ ይላላና ይቆለፋል። ያለ ልክ የጠበቀ ኩሽኔታ ከእንጦጦ ተራራ ቁልቁል የሚወርድ ባለ ጭነት መኪና ላይ ግሎ ሊቃጠልና ጎማውን ሊያስይዝ ይችላል። የጎማ ዳዶዎችም በዙር ሳይሆን አንዱን ከዚያም ተቃራኒውን እያሉ በልክ መለኪያ መፍቻ ይጠብቃሉ። ከ50 እስከ 100 ኪሎ ሜትር ከተጓዙ በኋላ ደግሞ እንደገና ይፈተሻሉ። ከሰበታ አዲስ አበባ መሐል ደርሶ የተመለሰ መኪና 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ሄዷልና መፈተሻው ጊዜ ደርሷል ማለት ነው።

የአሳዳጊዎችና የረጂዎች ድርሻ

በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ዕድሜው 15 ዓመት ያልሞላውን ልጅ መቅጠር ክልክል ነው። 15 ዓመት ሞልቶት 18 ያልሞላውንም ለጤናው ወይም ለሕይወቱ አደገኛ በሆነ ሥራ ማሰማራት አይፈቀድም፤ የቀን ሥራውም ከ7 ሰዓት መብለጥ የለበትም። ስለዚህ ልጅን ወደ ጋራዥ የሚልክ አሳዳጊ «ስንት ይከፈለዋል?» ከማለቱ በፊት የዓይን መነጽር፣ ጓንትና የመኪና ድጋፍ መኖሩን ይጠይቅ። አንድን ወጣት ሙያ ለማስጀመር የሚያስብ ረጂም ከመፍቻዎቹ ጋር መነጽሩን ቢጨምር ስጦታው ሙሉ ይሆናል።

ሥራን አጥርቶ መሥራት፣ በዐረብኛ ኢትቃን የሚባለው፣ የሚታየው ማንም በማያየው ቦታ ነው። በቸርኬ ተሸፍኖ የሚቀረውን ዳዶ በልኩ ያጠበቀ ልጅ፣ የማያውቀውን መንገደኛ ሕይወትና ነገ የሚፈታውን ባልደረባውን እጅ ጠብቋል፤ አማናውንም ተወጥቷል።

ለቤተሰብ መወያያ፦
ሀ. አብዝቶ የጠበቀ ብሎን የሚደክመው ለምንድን ነው?
ለ. ጉልበት ከመጨመር በፊት የሚመረመሩት አራት ነገሮች ምን ምን ናቸው?
ሐ. ልጃችን በሚሠራበት ጋራዥ ውስጥ የትኛው የጥንቃቄ መሣሪያ ጎድሏል?