ድረ ገጻችን ሲኮረጅብን ምን እናድርግ?

እንበልና ክፋር አቭራሃም የምትኖር አንዲት እናት እንጀራ ጋግራ ትሸጣለች። ድረ ገጹን የሠራችላት ዩኒቨርሲቲ የምትማር ልጇ ናት፤ ፎቶውን ያነሳችውም፣ ጽሑፉን በዕብራይስጥና በአማርኛ ያዘጋጀችውም እርሷው ናት። ከጥቂት ወራት በኋላ ሌላ ሻጭ ያንኑ ፎቶና ያንኑ ጽሑፍ፣ ስልክ ቁጥሩን ብቻ ቀይሮ ያወጣዋል። ደንበኞችም የእናትየው መስሏቸው ከእርሱ ያዝዛሉ። እንዲህ ሲያጋጥመን ወይ እንቆጣለን፣ ወይ «ለእግዚአብሔር ሰጠሁት» ብለን እንተዋለን። ሁለቱም የሄደውን ደንበኛ አይመልሱም። ስለዚህ ሕጉ ምን እንደሚልና ቤተሰብ በምን ቅደም ተከተል ቢሄድ እንደሚሻል እንይ። (ዓመታቱ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የእኛ የሆነውና ያልሆነው

በ2007 የወጣው የእስራኤል የቅጂ መብት ሕግ (ሖክ ዜኹት ዮትስሪም) የሚጠብቀው ሐሳብን ሳይሆን ሐሳቡ የተገለጸበትን መልክ ነው። እንጀራ መሸጥ፣ ቤት ድረስ ማድረስ፣ በአማርኛ ማስተዋወቅ የማንም የግል ንብረት አይደለም፤ ጎረቤትም ነገ ሊጀምረው ይችላል። ፎቶውና ጽሑፉ ግን የሠሪው ናቸው። መብቱም ሥራው እንደተሠራ ይገኛል፤ ምዝገባ አይጠይቅም።

ይህ ልዩነት በጤፍም ታይቷል። አንድ የሆላንድ ኩባንያ በጤፍ ዱቄት አዘገጃጀት ላይ ፓተንት አውጥቶ ነበር፤ በ2018 የሄግ ፍርድ ቤት ፓተንቱ አይጸናም ብሎ ወሰነ። በአንጻሩ ኢትዮጵያ የይርጋጨፌ፣ የሲዳሞና የሐረር ቡና ስሞችን በአሜሪካ በንግድ ምልክትነት ለማስመዝገብ በ2005 አመልክታ፣ ከስታርባክስ ጋር ከተሟገተች በኋላ በ2007 ተስማምታለች። ቡና ማንም ሊሸጥ ይችላል፤ ስሙ ግን ባለቤት ሊኖረው ይችላል።

አንድ ጥንቃቄ አለ። ፎቶውን ያነሳው ወይም ገጹን የሠራው በክፍያ የቀጠርነው ባለሙያ ከሆነ፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ መብቱ በመሠረቱ የእርሱ ነው። መብቱ ለእኛ እንዲተላለፍ በጽሑፍ እናስፈርም፤ የቃል ውል አይበቃም።

መጀመሪያ ማስረጃ

ከመደወላችን በፊት ማስረጃ እንሰብስብ፤ ኮራጁ ከሰማ በአንድ ሌሊት ሊያጠፋው ይችላል። ገጹን ከነአድራሻውና ከነቀኑ ፎቶ እናንሳ። ዌይባክ ማሽን በተባለው የኢንተርኔት መዝገብ ላይም እናስቀምጠው። ዋናዎቹን የፎቶ ፋይሎች አንሰርዝ፤ የተነሱበትን ቀን ይይዛሉ። ተሳስተው ያዘዙ ደንበኞች የላኩትን መልእክትም እናቆይ። አንዱ ንግድ እንደ ሌላው ንግድ መስሎ ደንበኛን ማሳሳት በ1999 የንግድ በደሎች ሕግ «ግኔቫት ዓይን» ተብሎ ለብቻው ያስጠይቃል፤ በዚህ ጊዜ የደንበኞቹ መልእክት ትልቅ ማስረጃ ነው።

ከሽምግልና እስከ ፍርድ ቤት

ኮራጁ ብዙ ጊዜ የምናውቀው ሰው ነው፤ ዘር ቢቆጠር ዘመድ ሊሆንም ይችላል። በሽማግሌ መጀመር ድክመት አይደለም። ነገር ግን እርቁ በጽሑፍ ይለቅ፤ ምን እንደሚነሳና እስከ መቼ እንደሚነሳ ይጠቀስ።

እምቢ ካለ «ሚክታቭ ሃትራአ»፣ ማለትም የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ፣ ቀነ ገደብ አስቀምጠን እንላክ። ጎን ለጎንም ገጹን ለሚያስተናግደው ድርጅት እናመልክት። ድርጅቱ አሜሪካ ከሆነ፣ በ1998 የወጣው የዚያ አገር ሕግ አቤቱታው ሲደርሰው የተቀዳውን ካላነሳ ከተጠያቂነት የሚያመልጥበትን ከለላ ያሳጣዋል። ፌስቡክና ኢንስታግራምም ለዚሁ የሚሞላ ቅጽ አላቸው።

በመጨረሻ ፍርድ ቤት አለ። የቅጂ መብት ሕጉ ጉዳት ሳይረጋገጥ እስከ 100,000 ሼቄል ካሳ ይፈቅዳል። ይህ ጣሪያው ነው፤ ዳኛው የጥፋቱን ስፋት፣ የቆየበትን ጊዜና ቅን ልቦናን አይቶ ይወስናል። አነስተኛ ገንዘብ ብቻ ለሚጠይቅ ክስ የትናንሽ ክሶች ፍርድ ቤት (ትቪዖት ክታኖት) አለ። የገንዘቡ ጣሪያ በየጊዜው ስለሚታደስ ከማመልከታችን በፊት እንየው። በዚያ ግለሰብ ይከሳል፣ ኩባንያ ግን መክሰስ አይችልም፤ ጠበቃም በመደበኛው አይቆምም። «ኦሴክ ፓቱር» የሆነች እናት እንደ ግለሰብ ራሷ መቅረብ ትችላለች። የማስቆሚያ ትእዛዝ የሚፈልግ ግን ወደ ሜሖዚ ፍርድ ቤት ይሄዳል።

«ሌባ» ብሎ በፌስቡክ መለጠፍ ግን ይቅርብን። በ1965ቱ የስም ማጥፋት ሕግ ተበዳዩ ራሱ ተከሳሽ ሊሆን ይችላል።

የልጅ ሸክም

በማኅበራዊ ሥራ ትምህርታችን ደጋግመን የምናነሳው ጉዳይ አለ። ዕብራይስጥ የሚችል ልጅ ሳያስበው የቤቱ አስተርጓሚ፣ ጸሐፊና ጠበቃ ይሆናል፤ ፈተናውንም ትቶ ደብዳቤ ይጽፋል። እንርዳ፣ ግን ብቻችንን አንሸከም። በሕግ ፋኩልቲዎች ያሉ የሕግ ክሊኒኮችን እንጠይቅ፤ ለንግዱ ምክር ደግሞ የኢኮኖሚ ሚኒስቴር የትናንሽ ንግዶች ማዕከል የሆነው «ማዖፍ» አለ። ውሳኔውም የወላጅ ይሁን። ድካሟ የተወሰደባት እናት «አልተውም» ወይም «በእርቅ ይለቅ» ስትል መሰማት አለባት፤ የእኛ ድርሻ የምትመርጥበትን መንገድ በምትረዳው ቋንቋ ማስረዳት ነው።

ሳይቃጠል በቅጠል ነውና፣ ገና ያልተነኩ ቤተሰቦችም በዚህ ሳምንት ዋና ፎቶዎቻቸውን በአንድ ቦታ ያስቀምጡ፤ ከባለሙያ ጋር የሠሩም ውላቸውን በጽሑፍ ያድርጉ።