ስለ ወዳጁ በእሳት ውስጥ ያለፈው ወጣት



ጌታችን ነፍስን ስለ ወዳጆች አሳልፎ ስለ መስጠት ያስተማረውን (ዮሐ. 15፥13) ብዙዎቻችን በቃላችን እናውቀዋለን። በሥራ ሲገለጥ ምን እንደሚመስል ለመረዳት በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የሞተውን አንድ ወጣት እናስታውስ።

አንድሩ ሚናርስኪ ከፖላንድ ከፈለሱ ወላጆች በካናዳ፥ በዊኒፔግ ከተማ ተወለደ። ገና በ16 ዓመቱ አባቱ ስለ ሞተ ሥራ ይዞ ቤተ ሰቡን ይረዳ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1941 የካናዳ አየር ኃይል ገባ፤ ላንካስተር በተባለው ቦምብ ጣይ አውሮፕላንም ላይ ተኳሽ ሆነ። በብሪታንያ ቦምብ ጣይ ክፍል ካገለገሉት 125,000 ያህል በራሪዎች 55,573ቱ ሞተዋል። ብዙዎቹ የእኛ እኩዮች ነበሩ።

ሰኔ 5 ቀን 1936 ዓ.ም. ለሰኔ 6 አጥቢያ (እ.ኤ.አ. 1944) ሚናርስኪ ያለበት አውሮፕላን በፈረንሳይ አገር፥ በካምብሬ የሚገኘውን የባቡር ጣቢያ ለመደብደብ ሲበር በጀርመን ተዋጊ አውሮፕላን ተመታ። የግራ ክንፉ ሁለት ሞተሮች ቆሙ፤ እሳትም ተነሣ። አብራሪው ሁሉም በፓራሹት እንዲዘሉ አዘዘ። ሚናርስኪ ሊዘል ሲል ባልንጀራው ፓት ብሮፊ በጅራቱ መተኮሻ ክፍል ውስጥ መውጫ አጥቶ አየው። መዝለሉን ትቶ በእሳቱ መካከል ወደ እርሱ ሄደ። በመጥረቢያ ታገለ፤ በእጁም ሞከረ፤ አልሆነም። ብሮፊ ራሱ ትቶት እንዲሄድ በእጁ አመለከተው። ሚናርስኪ ልብሱና ፓራሹቱ እየነደዱ ተመለሰ፤ ወደ ወዳጁ ዞሮ ወታደራዊ ሰላምታ ሰጠውና ዘለለ። የአገሩ ሰዎች መሬት ላይ አገኙት፤ ነገር ግን በቃጠሎው ምክንያት በ27 ዓመቱ ሞተ።

አውሮፕላኑ ሲከሰከስ ግን ብሮፊ ወደ ውጭ ተወርውሮ ተረፈ። ሌሎቹም አምስቱ በሕይወት ተገኙ። በብሮፊ ምስክርነት እ.ኤ.አ. በ1946 ለሚናርስኪ የቪክቶሪያ መስቀል ኒሻን ተሰጠ።

ከዚህ ምን እንማራለን?

1ኛ. ብሮፊን ያዳነው የሚናርስኪ መጥረቢያ አይደለም። ያሰበው አልተሳካለትም፤ ሆኖም እስከ ዛሬ ይታሰባል። እኛ ተማሪዎች ሁሉን በውጤት መመዘን ለምደናል። ፍቅር ግን የሚመዘነው በተሳካለት ሳይሆን በከፈለው ነው።

2ኛ. እርሱን ማሰብ ቦምብን ማመስገን አይደለም። በ1928 ዓ.ም. አያቶቻችን ከጣልያን አውሮፕላኖች የወረደባቸውን ቦምብና መርዝ አይተዋል። በዚያም ጦርነት ከአውሮፕላኖቹ በታች ሕፃናትና ሽማግሌዎች አልቀዋል። በራሪውን ስናስብ እነርሱንም እናስብ።

3ኛ. ብሮፊ ዝም ቢል ኖሮ ይህን ሥራ የሚያውቅ ባልኖረ። በጎ ያደረጉልንን ሰዎች መመስከር የተረፍነው ሰዎች ዕዳ ነው።

ለውይይት፦ ረድተነው ሳይሳካልን ቀርቶ የተውነው ወዳጅ አለን? ያልመሰከርንለትስ ማን ነው?

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።