ጸበሉንና ክኒኑን አታጣዪ
(ለጀማሪዋ ነርስ የተሰጠ ምክር)

ልጄ፣ ሪፈራል ሆስፒታል ተመድበሽ ሥራ መጀመርሽን እናትሽ ነገረችኝ። እንኳን ደስ ያለሽ። ስለ መርፌ፣ ስለ ድሬሲንግና ስለ መድኃኒት መጠን የምነግርሽ ነገር የለኝም፤ ያንን እኔ ከተማርኩት በተሻለ ተምረሽ መጥተሻል። የምጽፍልሽ አልጋው ላይ የተኛው ሰው ከፈጣሪው ጋር ስላለው ጉዳይ ነው። እዚህ ሀዋሳ ይህን ሳያውቁ ማስታመም አይቻልም።

1. የምትሠሪበትን ከተማ እወቂ። ታኅሣሥ 19 እና ሐምሌ 19 የገብርኤል ቤተ ክርስቲያን አካባቢ በነጠላ ነጭ ይሆናል። እሑድ ጠዋት መካነ ኢየሱሱ፣ ቃለ ሕይወቱና ሙሉ ወንጌሉ ይሞላል፤ ዓርብ መስጊዱ። ከገጠር የሚመጡት የሲዳማ አዛውንት ደግሞ ማጋኖን (ፈጣሪን) ሳይጠሩ ስለ ጤናቸው አያወሩም። በአንድ ክፍል ውስጥ እነዚህ ሁሉ ጎን ለጎን ይተኛሉ፤ የጌዴኦው፣ የወላይታውና ከምዕራብ አርሲ በሪፈር የመጣውም ይጨመርበታል። ሕክምናው ራሱ ወደዚህ አገር የመጣው ከሃይማኖት ጋር ተያይዞ መሆኑንም አትርሺ። የእኛ ሪፈራል ሳይከፈት በፊት የሲዳማ ሕመምተኛ ይርጋለም ሆስፒታል ይሄድ ነበር፤ እዚያም ለብዙ ዓመታት የሠሩት የኖርዌይ ሉተራን ሚሲዮን ሐኪሞችና ነርሶች ናቸው። አሮጊቶቹ ክኒን ሲውጡ «በኢየሱስ ስም» ወይም «በስመ አብ» ቢሉ አይግረምሽ። ለእነሱ ሕክምናና ጸሎት ተለያይተው አያውቁም። መለያየት የጀመርነው እኛ ነን።

2. ጠይቂ። ታሪክ ስትወስጂ «ሃይማኖት» በሚለው ፊት አንድ ቃል ጽፈሽ አትለፊ። «ኦርቶዶክስ» የሚለው ቃል ሰውዬው በዚህ ሳምንት ይጹም አይጹም፣ ንስሐ አባት ይኑረው አይኑረው፣ ከመምጣቱ በፊት ጸበል ቦታ ሦስት ወር ይቆይ አይቆይ አይነግርሽም። በአሜሪካ ዶክተር ክሪስቲና ፑቻልስኪ በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ለሐኪሞች አጭር መጠይቅ አዘጋጅታ ነበር፤ እምነትህ ምንድን ነው፣ ለሕይወትህ ምን ያህል ቦታ አለው፣ ከማን ጋር ታመልካለህ፣ እኛስ በሕክምናህ ውስጥ እንዴት እናስተናግደው የሚል። እኔ በእኛ ወግ እንዲህ አደርገዋለሁ። «አባባ፣ ሲጨንቅዎት ምን ያበረታዎታል?» «እዚህ ሳሉ እንዲመጡልዎት የሚፈልጉት የሃይማኖት አባት አለ?» «የሚጾሙት ነገር አለ?» መጨረሻ ላይ ደግሞ፣ «ለዚህ ሕመም ከእኛ በፊት የት የት ሄደዋል?» ይህችን የመጨረሻዋን ስትጠይቂ ፊትሽን ጠብቂ። ቅንድብሽ ትንሽ ከተነሣ «የትም አልሄድኩ» ይሉሻል፤ የጠጡትን ሥር፣ የተጠመቁትን ጸበልና ያቋረጡትን መድኃኒት ሳታውቂ ትቀሪያለሽ። መልሱን በካርዱ ላይ ጻፊው። የሌሊቷ ተረኛ እንደገና እንዳትጠይቅ ብቻ ሳይሆን ዶክተሩም እንዲያነበው ነው።

3. ታማሚን በእምነቱና በመድኃኒቱ መካከል አታስመርጪ። ከዚህ ደብዳቤ አንድ ነገር ብቻ የምትይዢ ከሆነ ይህን ያዢ።

አገራችን ይህን የተማረችው በኤች አይ ቪ ዘመን ነው። የፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት በነጻ መታደል የጀመረው በ1997 ዓ.ም. ነው። በዚያው ወቅት እንጦጦ ጸበል በየቀኑ በሕሙማን ይሞላ ነበር፤ ብዙዎቹም «ከጸበሉ ጋር መድኃኒት አይሄድም» ተብለው ክኒኑን ጥለውታል። መድኃኒቱ ሲቋረጥ ቫይረሱ እንደገና ይበዛል። በየጊዜው ሲቆራረጥ ደግሞ መድኃኒቱን ይለምደዋል፤ ያኔ ያ ክኒን ቢመለሱበትም አይሠራም። በ1999 ዓ.ም. ፓትርያርኩ ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ ጸበሉም መድኃኒቱም ከእግዚአብሔር የተሰጡ መሆናቸውን፣ እርስ በርሳቸውም እንደማይጻረሩ በይፋ ተናገሩ። እኛ በነጭ ጋዋን ለዓመታት ስንናገረው ያልተሰማው ነገር ከእሳቸው አፍ ሲወጣ ተሰማ። በኋላም በእንጦጦ ማርያም የአእምሮ ሐኪሞች ከአጥማቂ ካህናት ጋር ተስማምተው፣ ሕመምተኛው እየተጠመቀ መድኃኒቱን እንዲወስድ አብረው ሠርተዋል።

ለምን አታስመርጪ እንደምልሽ ታውቂያለሽ? ካስመረጥሻቸው እምነታቸውን ይመርጣሉ፤ ለአንቺ ግን አይነግሩሽም። «እሺ ሲስተር» ይሉሻል። የእኛ አገር ታማሚ ነርስን ማስቀየም አይወድም፤ ስለዚህ «እሺ» ብሎ ክኒኑን ፍራሽ ሥር ያደርገዋል። የሚጥል በሽታ መድኃኒት በድንገት ሲቆም ግለሰቡ ሳይነቃ በላይ በላዩ የሚጥለው ከባድ አደጋ ሊመጣ ይችላል። የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒት ስድስት ወር ሙሉ ካልተወሰደ በሽታው መድኃኒቱን የለመደ ነቀርሳ ሊሆን ይችላል፤ ለቤተሰቡም ይተርፋል። «ይጠመቁ፤ ክኒኑንም ከጠዋቱ ጸሎት በኋላ ይዋጡ» በዪና ሰዓቱን ከጸሎታቸው ሰዓት ጋር አስሪላቸው። ማንም የማይረሳው ሰዓት እሱ ነው።

የእኛ ከተማ ደግሞ ሌላ ጣጣ አላት። ነቢይ ነኝ የሚል ሰው ኤች አይ ቪ ያለበትን ታማሚ «ተፈውሰሃል፣ መድኃኒቱን ጣል» ይለዋል፤ ታማሚው ይመረመራል፣ ቫይረሱ በደሙ ውስጥ አይታይም ይባላል፣ ምስክርነት ይሰጣል፣ መድኃኒቱንም ያቆማል። እዚህ ላይ ቀድመሽ ካልደረስሽ በኋላ አትደርሺም። መድኃኒቱን በጀመረበት ዕለት ንገሪው፦ መድኃኒቱ በደንብ ሲሠራ ቫይረሱ በምርመራ ወደማይታይበት ደረጃ ይወርዳል፣ ይህ ጥሩ ዜና ነው፣ ነገር ግን ከሰውነት ወጥቷል ማለት አይደለም፣ ክኒኑ ሲቆም ይመለሳል። ይህን ከአንቺ አስቀድሞ የሰማ ሰው ከመድረክ ሲጠየቅ ሌላ መልስ ይኖረዋል። ነቢዩን ግን አትሳደቢ፤ ስትሳደቢ ታማሚው የነቢዩ ጠበቃ ይሆናል።

4. «አይሆንም» የምትዪባቸውን ለይተሽ ያዢ፤ ጥቂት ናቸው፣ ግን ድርድር የለባቸውም። ኦክስጅን ባለበት ክፍል ሻማ፣ ጧፍ፣ ዕጣን የለም፤ ቄሱ ራሳቸው ቢሆኑም። ቁስል በተከፈተበት፣ ቃጠሎ ወይም የኦፕራሲዮን ስፌት ባለበት ላይ ጸበል አይፈስም፣ እምነት አይነሰነስም፣ ቅብዓትም አይነካውም፤ ግንባሩ አለ፣ እጁ አለ። የኩላሊት ሕመምተኛ በቀን የሚጠጣው ውኃ የተለካ ነው። በሃይላንድ የመጣለት ጸበልም ውኃ ነው፤ በገባና በወጣ መዝገቡ ላይ ይቆጠራል። «እናቴ፣ አይጠጡ» አትበዪ፤ «ከተፈቀደልዎት ላይ ጠዋት በጥቂቱ ይቅመሱ፣ የቀረውን ፊትዎን ይታበሱበት» በዪ። ማሰር፣ መግረፍ፣ በርበሬ ማጠንም የለም። ይህን ሲጠይቁሽ ሳትቆጪ እምቢ በዪ፤ ኃላፊሽንም ጥሪ።

5. ጾም። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው፤ ረመዳንም አንድ ወር። የስኳር ሕመምተኛ ኢንሱሊኑን ወግቶ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ምግብ ሳይቀምስ ሲቆይ ላብ በላብ ይሆናል፣ ይንቀጠቀጣል፣ ይዘባርቃል፤ ቤተሰቡ መንፈስ መስሎት ጸበል ሲረጭበት ስኳሩ ይብሱን ይወርድና ሰውዬው ራሱን ይስታል። ቤተ ክርስቲያን ሕመምተኛን በጾም አታስገድድም። እስልምናም ለታመመ ሰው ፈቅዷል፤ ሲድን ይከፍለዋል፣ የማይድን ሕመም ከሆነ ደግሞ ድሃ ያበላል። ችግሩ ሕጉ አይደለም፤ ሕመምተኛው በሕሊናው አይቀበለውም። ስለዚህ «አትጹሚ» የሚለው ቃል ከአንቺ አፍ አይውጣ። ንስሐ አባታቸው ወይም ኡስታዙ ይበሉት። አንቺ ጾሙ ከመግባቱ ሳምንታት ቀድመሽ ደውዪ፣ ስለ መድኃኒቱ ሰዓት አስረጂያቸው። የሃይማኖት አባቶች በአብዛኛው ይረዳሉ፤ እኛ ነን ደውለን የማናውቀው። ለቁርባን ብሎ ከማታ ጀምሮ ሊጾም የተነሣ ስኳር ያለበት ሰውም እንደዚሁ፣ መጀመሪያ ከሐኪሙና ከካህኑ ጋር ይነጋገር።

6. አትስበኪ። አልጋ ላይ የተኛ ሰው ተነሥቶ መሄድ አይችልም፤ ግሉኮስ ተሰክቶለታል። እምነትሽን የምትሰብኪለት ሰው እምቢ የማለት አቅም ሊኖረው ይገባል። «እግዚአብሔር ይማርዎት» ማለት ሌላ ነው፤ እሱ ሰላምታችን ነው፣ ለሙስሊሙም «አላህ ያሽርዎት» ትያለሽ። አብረሽው እንድትጸልዪ ከለመነሽና ልብሽ ከፈቀደ ቆመሽ «አሜን» በዪ። ካልፈቀደ የሚጸልይለትን ሰው ጥሪለት።

7. ለጸሎት የሚመጡትን አስተዳድሪ እንጂ አታባርሪ። የጸሎት ቡድን ሲመጣ አስተባባሪያቸውን ወደ ውጭ ጠርተሽ ተስማሚ፦ ሁለት ሦስት ሰው፣ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ አጠገቡ ትናንት የተቀደደው ሰው ተኝቷል፤ መርፌና ቱቦ አይነካም። በጨዋ ደንብ የተነገረው ሰው ይሰማል። ለሙስሊሙ ታማሚ ደግሞ ቂብላውን አሳዪው፤ ከሀዋሳ መካ ማለት ወደ ሰሜን ነው፣ ጥቂት ወደ ምሥራቅ ዘንበል ብሎ። አልጋውን ማዞር ከተቻለ አዙሪ። ውኃ የተከለከለ ሰው በተየሙም፣ መቆም ያቃተው ተቀምጦ ወይም ተኝቶ እንደሚሰግድ ራሱ ያውቃል፤ ከአንቺ የሚፈልገው ደም ግፊት ለመለካት ሶላቱን እንዳታቋርጪበት ነው።

8. ጸሎትን በላቦራቶሪ ለመመዘን አትሞክሪ። በ2006 (እ.ኤ.አ.) በአሜሪካ 1,802 የልብ ቀዶ ሕክምና ታማሚዎች ላይ የተደረገ ትልቅ ጥናት ታትሞ ነበር። የማያውቋቸው ሰዎች የጸለዩላቸውም ያልተጸለየላቸውም ታማሚዎች ውስብስብ ችግር የገጠማቸው በተቀራራቢ መጠን፣ ግማሽ ያህሉ ናቸው። በእርግጥ እንደሚጸለይላቸው ከተነገራቸው ግን 59 በመቶው ገጠማቸው። አንዳንዱ ይህን ይዞ ሃይማኖትን ሊያፌዝበት ይሞክራል፤ እኔ ግን የወሰድኩት ትምህርት ስለ አነጋገራችን ነው። አጥኚዎቹ ራሳቸው በግምት ካነሡት አንዱ፣ ሰውየው «ጸሎት ያስፈለገኝ ይህን ያህል ታምሜ ነው እንዴ?» ብሎ ሳይጨነቅ አልቀረም የሚል ነው። ስለዚህ ድምፅሽን ዝቅ አድርገሽ «በርቱ፣ እየጸለይንልዎት ነው» ስትዪ የምትሰጪው ፍርሃት ሊሆን ይችላል። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. ኮሮና ሲገባ አገሩ በሙሉ የአንድ ወር ጸሎት ታወጀለት፤ በቴሌቪዥንም ተላለፈ። ያኔ ጸሎቱ ሰዉን አጽናንቷል፤ እጅ መታጠቡን ግን አልተካም። የሃይማኖት አባቶቹም ምእመናኑን እየመከሩ የነበረው ሁለቱንም እንዲያደርጉ ነው።

9. መዳን ለማይችለው ሰው። ቤተሰቡ ኮሪደር ላይ ይይዝሽና «ሲስተር፣ እንዳይነገረው» ይልሻል። ፍቅር ነው፤ ግን አስቢው። ኦርቶዶክሱ ንስሐ መግባት፣ ቀንዲል ማስደረግ፣ መቁረብ፣ መናዘዝ ይፈልጋል። ሙስሊሙ ዕዳውን መክፈል፣ አውፍ መባባል። የሲዳማው አባወራ ከተጣላው ወንድሙ ጋር በሽማግሌ ፊት መታረቅ። ሰው ሊሞት መሆኑን ካላወቀ እነዚህን ሁሉ እንነጥቀዋለን። ታማሚውን ራሱን «ስለ ሕመምዎ ምን ያህል ማወቅ ይፈልጋሉ?» ብለሽ ጠይቂው፤ የሚነግረው ሐኪሙ ነው፣ አንቺ በሩን ትከፍቻለሽ። ሲሲሊ ሳንደርስ የምትባል እንግሊዛዊት በ1967 (እ.ኤ.አ.) ለንደን ውስጥ ሆስፒስ ስትከፍት፣ የሚሞት ሰው ሕመም የሥጋ፣ የአእምሮ፣ የማኅበራዊ ኑሮና የመንፈስ እንደሆነ፣ አንዱ ሳይነካ ሌላው እንደማይሻል አስተምራለች። እሷም ነርስ ነበረች፤ ሐኪም የሆነችው በኋላ ነው። በአገራችን ሲስተር ጽጌረዳ ይስፋወሰን ሆስፒስ ኢትዮጵያን መሥርታ በአዲስ አበባ ይህን ሥራ በየቤቱ አስገብታዋለች። ሞርፊን ሲታዘዝ ቤተሰቡ «ልትገድሉት ነው» ብሎ ይፈራል፤ ሕመሙ ሲታገሥ ጸሎቱን በአእምሮው ሆኖ እንደሚያደርስ ንገሪያቸው። እየጮኸ የሚሞት ሰው ንስሐ መግባት አይችልም።

10. ጤና ጥበቃ «ርኅሩኅ፣ አክባሪና ተንከባካቢ» ብሎ የለጠፈውን መፈክር በየኮሪደሩ ታያለሽ። ጥሩ መፈክር ነው፤ ግን ግድግዳ ማንንም አያስታምምም። ስለዚህ አንድ ሥራ ልስጥሽ። በነርሶች ጠረጴዛ ላይ፣ ስልኩ አጠገብ፣ የቅርብ ካህን፣ ኡስታዝና ፓስተር ስልክ ቁጥር የተጻፈበት ወረቀት መኖሩን እዪ። ሳታስፈቅጃቸው ቁጥራቸውን አትለጥፊ፤ ሌሊት ስምንት ሰዓት ቢደወልላቸው ይመጡ እንደሆነም ጠይቂያቸው። ወረቀቱ ከሌለ ይህን ሳምንት ሳያልፍ አንቺ ጻፊው።